የአባቴ ላዳ 2106 የቪትዝ ቸርኬ ይገባላታል?

የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ወገኖች። ከአባቴ የወረስኳት ላዳ 2106 አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች ናት። አባቴ አስተማሪ ነበር። ቢቸናም ሞጣም ሲመደብ በእሷ ነው የተመላለሰው። እኔም የኋላ ወንበሯ ላይ ነው ያደግሁት። እሱ ካረፈ ወዲህ ሁለት ዓመት ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። አሁን ሞተሯ ተነሥቷል፣ ፍሬኗም ተሠርቷል። የቀረኝ ቸርኬ ነው።

አራቱም ዝገዋል። የሁለቱ ከንፈር ተጣሟል። አንዱ ደግሞ ቡሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ የተሰነጠቀ ይመስለኛል። አንድ ሻጭ ከቪትዝ የወረደ 14 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬ ከነጎማው ሊሰጠኝ ነው። «አራት ቀዳዳ ነው፤ ላዳም አራት ቀዳዳ ናት፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። ዛሬ አንዱን ወስጄ ሞከርኩት። መሃሉ ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት) ላይ አልቀመጥ አለ። ሻጩ «ቶርኖ ቤት ወስደህ ትንሽ ማስፋት ነው» ይላል።

ሰኞ ገንዘቡን እከፍላለሁ ብያለሁ። ለፋሲካ እናቴን ይዤ አዲስ አበባ መሄድ ስለምፈልግ የዓባይን ቁልቁለት መውረዴ አይቀርም። የምታውቁ ካላችሁ ከመክፈሌ በፊት ንገሩኝ።

ጎሚስታው (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ አትክፈል። አባትህን ነፍስ ይማር።

የቀዳዳው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርህም። ዋናው ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት ነው። የላዳ 98 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቪትዝ 100። «2 ሚሊ ምን አላት» እንዳትል። ክቡ በ2 ሚሊ ሲሰፋ እያንዳንዱ ቡሎን ከቦታው 1 ሚሊ ይወጣል። የቡሎኑ ኮን (ሾጣጣ አንገቱ) በአንድ ጎኑ ብቻ ይነክሳል። ስታጠብቀው የጠበቀ ይመስልሃል። መንገድ ላይ ግን ቡሎኑ በሄደ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይላላል። እኔ ዘንድ እንደዚህ ሆነው የመጡ መኪኖች የቸርኬ ቀዳዳቸው እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ አይቻለሁ።

ሁለተኛው፣ አንተ ራስህ ያየኸው የመሃሉ ቀዳዳ ነው። የላዳ ቸርኬ መሃሉ 58.6 ሚሊ ነው። የቪትዝ 54.1 ነው። ያልተቀመጠልህ ለዚህ ነው።

ሦስተኛው በዓይን የማይታየው ነው። ቸርኬው ጀርባ ላይ «ኢቲ» የሚል ጽሑፍና ቁጥር ፈልግ። ሞዞው ላይ የሚያርፈው ፊት ከቸርኬው ወገብ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል። ሲያንስ ወደ ውጭ ይወጣል። የላዳህ 29 ነው። የቪትዝ እንደ ዘመኑ 39ም 45ም አለ። ስለዚህ ጎማህ በየጎኑ ከ10 እስከ 16 ሚሊ ወደ ውስጥ ይገባል። ከፊት ወደ ላይኛው ቦል ጆይንት ይጠጋል። ግቢ ውስጥ መሪውን ስታዞር ላይነካ ይችላል። ሞልተህ ኮብልስቶን ላይ ስትነዳ ወይም ጉድጓድ ስትገባ ነው የሚፈትግህ።

ከውጭ ሲታይ ደግሞ ያታልላል። የላዳህ 165/80 አር 13 ጎማ ቁመቱ ወደ 594 ሚሊ ነው። የቪትዝ 165/70 አር 14 ወደ 587 ነው። ቁመታቸው አንድ ስለሚመስል ሰው «ልክ ነው» ይላል።

አቋራጭ (ቡሬ)

ጎሚስታው ያለው እውነት ነው፤ ግን መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። ኮኑ ከግንዱ የተለየ፣ የሚንሸራተት ቡሎን አለ። ውጭ አገር ፊያትና አልፋ ሮሜዮ ያላቸው ሰዎች 98 የሆነ ሞዞ ላይ የ100 ቸርኬ የሚያስሩት በእሱ ነው። ኮኑ ራሱ ወደ ቀዳዳው ይሄዳል፤ ቡሎኑ ሳይታጠፍ ይገባል። መሃሉን ቶርኖ ቤት አስፍቶ በዚህ ቡሎን ማሰር ነው። ልጁ ርካሽ ነገር አግኝቷል፤ ለምን እናስቀረዋለን?

ጎሚስታው (ባሕር ዳር)

አቋራጭ፣ ቡሎኑ መኖሩን አልክድም። በደንብ የተሠራው ለ2 ሚሊ ልዩነት ይሠራል። ግን ሦስት ነገር አስብ። የላዳ ቡሎን ውፍረቱ 12፣ የጥርሱ እርምጃ 1.25 ነው። በዚህ ልክ የተሠራ፣ እውነተኛ የሆነ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር የት ይገኛል? በ1.5 ጥርስ የተሠራውን ሰው በስህተት ሸጦለት ሞዞውን ቢያበላሽበትስ? ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ቡሎን ቸርኬውን መሃል ላይ አያስቀምጥም። መሃል የሚያስቀምጠው የመሃሉ ቀዳዳ ስለሆነ ከሞዞው ጋር ልክክ ማለት አለበት። ሦስተኛ፣ ቡሎኑም ቶርኖውም ያንን ኢቲ አይቀይሩትም። ጎማው አሁንም ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀረው።

ቶርኖ ቤት (ደብረ ማርቆስ)

እኔ ሥራዬ ቶርኖ ነው፤ ስለዚህ ስለ ማስፋቱ እኔ ልናገር።

የመሃሉን ቀዳዳ ማስፋት ይቻላል። ቸርኬው ቶርኖው ላይ በትክክል ከተያዘና ከተላጨ በኋላ በቂ ሥጋ ከተረፈው ችግር የለውም። የምጠላው በመፍጫ እየፈገፈጉ የሚያሰፉትን ነው። በእጅ የሰፋ ቀዳዳ ክብ አይሆንም። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ባላንስ ብታሠራው መሪህ ሲንቀጠቀጥ ይኖራል።

የቡሎን ቀዳዳ መድፈን፣ በአዲስ ክብ መብሳት፣ የአሉሚኒየም ስንጥቅ መበየድ፦ ይህንን ለማንም አልሠራም። ብዙ ሰው ተቆጥቶብኝ ሄዷል። ብየዳው አጠገብ ያለው አሉሚኒየም የቀድሞ ጥንካሬው አይኖረውም። በዚያ ላይ ሰው ተሳፍሮ ነው የሚሄደው።

ለአንተ የምመክርህ የሚመሳሰል ቸርኬ መፈለግ ነው። ላዳ ከፊያት 124 የተወለደች መኪና ናት፤ ቶሊያቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 መሠራት የጀመረችው በፊያት ፈቃድ ነው። ስለዚህ የፊያት 124ና የ131 ቸርኬ ክቡ 98 ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል። የፊያት መሃሉ 58.1 ነው፤ ከላዳ በግማሽ ሚሊ ይጠባል። በመዶሻ እየመቱ ሲያስገቡ አይቻለሁ፤ አታድርገው። ያቺን ግማሽ ሚሊ እኔ በሩብ ሰዓት እላጭልሃለሁ።

ዓባይ ወራጅ (ደጀን)

ልጄ፣ እኔ ከደጀን ጎሐ ጽዮን ስመላለስ ፀጉሬ ሸብቷል። አንድ ነገር ልንገርህ።

አንድ ወዳጄ ፊያት 124 ነበረው። ጎማው ወደ ውስጥ ገብቶ ሲፈትግበት አንድ ሰው ስፔሰር አስገባለት። በሞዞውና በቸርኬው መሃል የሚገባ ክብ አሉሚኒየም ነው። ቡሎኑን ግን አልቀየሩትም። በድሮው ቡሎን አሰሩት። እንግዲህ ቡሎኑ ሞዞው ውስጥ የሚነክሰው በስፔሰሩ ውፍረት ልክ አጠረ ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ሁለት ሳምንት ነዳው፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስንወርድ፣ እኔ ጎኑ ተቀምጬ ነበር፣ ከፊት በግራ በኩል «ቋ ቋ» ማለት ጀመረ። ፍሬን ሲይዝ ይብሳል። ዳር ይዘን ቆምን። ወርጄ ሳይ አንዱ ቡሎን የለም። ሌላው ተበጥሷል። የቀሩት ሁለቱ በእጅ ይፈታሉ። ከመንገዱ ጠርዝ ማዶ ያለውን ገደል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ያ ቁልቁለት ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነው የሚያወርድህ። በማርሽ ብትይዘውም ፍሬንህ ይግላል። ሙቀቱ ወደ ሞዞው፣ ወደ ቡሎኑ፣ ወደ ቸርኬው ይሄዳል። ሜዳ ላይ የተደበቀ ጉድለት እዚያ ነው የሚወጣው። እናትህን ይዘህ ነው የምትወርደው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ፋሲካ ደረሰ ብለህ አትቸኩል።

የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲያነቡት ራሱ ያስደነግጣል። ወዳጅዎ በመትረፉ ደስ ብሎኛል።

ለሻጩ ደውዬ አልወስድም አልኩት። ትንሽ ተቀየመ፤ ይሁን። አሁን ጥያቄዬ የላዳ ቸርኬ ስፈልግ በምን አውቀዋለሁ የሚል ነው። እዚህ አንድ ጋራዥ ጓሮ ብዙ ያረጀ ቸርኬ ተቆልሏል፤ ባለቤቱ የየትኛው መኪና እንደሆነ አያውቅም።

ቮልሷ (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ መለኪያ ይዘህ ሂድ። እኔ ሳልለካ ገዝቼ ነው የተማርኩት።

ቮልስ አለችኝ፤ እ.ኤ.አ. የ1965 ስሪት። ከሶማሌ ተራ አራት የቮልስ ቸርኬ ገዝተው ላኩልኝ። 15 ኢንች ነው፤ እውነትም የቮልስ ነው። ግን አራት ቀዳዳ። የእኔ አምስት ቀዳዳ ናት። ቮልስ እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ አምስት ቡሎን በ205 ሚሊ ክብ ነበር የሚጠቀመው። ከ1967ና 68 ጀምሮ ወደ አራት ቡሎን በ130 ሚሊ ዞረ። ስሟ አንድ፣ መልኳ አንድ፣ ቸርኬዋ ሌላ። ሻጩን ልወቅሰው አልችልም፤ «የቮልስ» ብቻ ነው ያልኩት። ስለዚህ «የላዳ» ብለህ ብቻ አትጠይቅ። ቁጥሩን ጥራ።

አራት ቀዳዳ ሲሆን መለካቱ ቀላል ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለቱን ያዝ። መሃላቸውን በዓይን መገመት ስለሚያሳስት ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ግራ ጠርዝ ለካ። 98 ከመጣልህ ጥሩ። አምስት ቀዳዳ ያለው መኪና ላላችሁ ደግሞ፦ ፊት ለፊት የሚተያይ ቀዳዳ ስለሌለ የጎረቤታሞቹን ርቀት ለክታችሁ በ1.7 አባዙት። የእኔ 120.5 ነው፤ ሲባዛ 205 ይሆናል።

ጎሚስታው (ባሕር ዳር)

እህቴ በደንብ አስረድታዋለች። እኔ አንድ ልጨምር። ከቁልሉ ውስጥ 98 የሆነ፣ መሃሉም 58.6 የሆነ፣ ግን ኢቲው ከፍ ያለ የላዳ ቸርኬ ልታገኝ ትችላለህ። ያ የሳማራ፣ የሌላዋ የላዳ ሞዴል ነው። ሳማራ በፊት ጎማ የምትጎተት ስለሆነች ቸርኬዋ ወደ ውስጥ የጠለቀ ነው። ይገባልሃል፣ ይታሰርልሃል፤ ጎማው ግን እንደ ቪትዙ ወደ ውስጥ ይገባል።

ጽሑፉ በዝገት ከጠፋ ኢቲውን እንዲህ አግኘው። ቸርኬውን ፊቱን ወደ መሬት አድርገህ አስተኛው። ጀርባው ላይ ቀጥ ያለ ብረት ከከንፈር እስከ ከንፈር አጋድም። ከብረቱ እስከ ሞዞ ማረፊያው ድረስ ጥልቀቱን ለካ። 5 ኢንች ስፋት ላለው የላዳ ቸርኬ ወደ 105 ሚሊ መምጣት አለበት። ወደ 115 ከተጠጋ ተወው።

መርሴዲስ 123 (ፍኖተ ሰላም)

ስለ ቡሎን ማንም በደንብ ያልተናገረው ነገር አለ። መቀመጫው። የላዳና የፊያት ቡሎን አንገቱ ኮን ነው። የመርሴዲስ ኳስ መሳይ ድቡልቡል ነው። ኮኑን ድቡልቡል መቀመጫ ላይ ብታስረው የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ ቶሎ ይላላል። ስለዚህ ቸርኬ ስትገዛ ቡሎኑንም አብረህ ጠይቅ።

ርዝመቱም አለ። የአሉሚኒየም ቸርኬ ወፍራም ስለሆነ ረጅም ቡሎን ይፈልጋል። የብረቱ ስስ ነው፤ አጭር ይበቃዋል። እኔ አንድ ቀን ደምበጫ አጠገብ ጎማ ፈንድቶብኝ የብረት ስኮርታዬን በአሉሚኒየሙ ረጅም ቡሎን አሰርኩት። መኪናዋ አልንቀሳቀስ አለች። ቡሎኑ አልፎ ከውስጥ የእጅ ፍሬኑን ጫማ እየነካ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለስኮርታው የሚሆኑ አምስት አጭር ቡሎኖች በጨርቅ ጠቅልዬ ከክሪኩ ጋር አስቀምጣለሁ።

የ123 ባለቤቶች ካላችሁም፦ የ124 መርሴዲስ 15 ኢንች ቸርኬ ክቡ እንደኛው 112 ነው፤ ቀዳዳውም አምስት ነው። ኢቲው ግን 49 ነው። የኛ 30 ነው። ሳታጣሩ እንዳታስሩት።

ዓባይ ወራጅ (ደጀን)

ቡሎኑን መጀመሪያ በጣትህ አዙረው ልጄ። በጣት ከ9 እስከ 10 ዙር መግባት አለበት። በ3 ዙር ከጠበቀ ወይም ጥርሱ ልኩ አይደለም ወይም አጭር ነው። በቁልፍ አታስገድደው።

የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ወገኖች፣ ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሻለሁ።

ጋራዡ ጓሮ ግማሽ ቀን ዋልኩ። ሃያ ያህል ቸርኬ ለካሁ። አብዛኛው 100 እና 114.3 ነው፤ የቶዮታ። አምስት ባለ 98 አገኘሁ። ሁለቱ ጥልቀታቸው 115 ሆነ፤ ጎሚስታው እንዳለው የሳማራ ናቸው፣ ተውኳቸው። ሦስቱ ወደ 105። ጀርባቸውን በሽቦ ብሩሽ ስፍቀው 29 የሚል ቁጥር ወጣ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

አራተኛው ከራሴ ነው። ከንፈራቸው ከተጣመው ሁለቱ አንዱን ቶርኖ ቤቱ ጋሼ አቃንቶልኛል። ከመኪናው ላይ አስሮ፣ አጠገቡ ሽቦ አቁሞ፣ በእጁ እያዞረ ነው ያየው። የብረት ስለሆነ ይቃናል አለኝ። ገንዘብ አልቀበልም ብሎኛል፤ እዚህ ላይ አመሰግነዋለሁ።

አራቱንም ስንጥቅ ፈተንኳቸው። ነጭ ጋዝ ቀብቼ ትንሽ ቆየሁ። በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጌ የተፈጨ ጠመኔ ነሰነስኩበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ጠመኔውን ያረጥበውና እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይወጣል። አራቱ ንጹሕ ናቸው። ያ የጠረጠርኩት የአባቴ ቸርኬ ላይ ግን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሚሄድ መስመር ወጣ። ለካ አባቴ በመጨረሻው ዓመት በዚህ ነበር የሚነዳው። ቸርኬውን መጣል አልቻልኩም፤ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

አሁን ጎማ ቀረኝ። ካላማዳሪ ያስፈልገዋል?

ጎሚስታው (ባሕር ዳር)

ደግ ሠራህ።

ቸርኬው ላይ ከስፋቱ ቁጥር ጋር «ኤች» የሚል ፊደል ካለ ከንፈሩ ውስጥ ጎማውን የሚይዝ ጉብታ አለው፤ ያለ ካላማዳሪ መሄድ ትችላለህ። ከሌለው ካላማዳሪ አስገባ፤ ለራዲያል ጎማ የሚሆነውን። ዝገቱን በደንብ ፍቀህ ቀለም ቀባው። ሻካራ ዝገት ካላማዳሪውን ይበላዋል።

ጎማውን 165/80 ካላገኘህ 175/70 አር 13 ውሰድ። ቁመቱ ወደ 575 ሚሊ ነው፤ ትንሽ ያጥራል፣ ግን ለላዳ የታወቀ ልክ ነው። ጎኑ ላይ 82 የሚል የጭነት ቁጥር ካለ እያንዳንዱ 475 ኪሎ ይሸከማል። መኪናህ ከነሰውና ከነዕቃው 1 ሺህ 400 ኪሎ ገደማ ናት፤ ይበቃታል። የተሠራበትንም እይ። ከአራቱ አኃዞች መጀመሪያ ያሉት ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ጥርሱ አዲስ ሆኖ ዕድሜው ያለፈ ጎማ ሞልቷል።

ስታስር በመስቀል አጥብቅ፤ ከ60 እስከ 70 ኒውተን ሜትር። ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ፊት ላይ ቀለም አታብዛ፤ ቀለሙ ሲሰባበር ቡሎኑ ይላላል። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድክ በኋላ ቆመህ ደግመህ እይ።

የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ዛሬ ታሰረች። 175/70 ነው ያገኘሁት። እናቴን ይዤ እስከ ሉማሜ ሄድኩ። ቆሜ በቁልፍ አየሁት። ከአሥራ ስድስቱ ቡሎኖች አንዱ ሩብ ዙር ያህል ተቀበለ፤ ሌሎቹ እንዳሉ ናቸው። መሪዋ አይንቀጠቀጥም። እናቴ «አባትህ ሲነዳት እንዲህ ነበር ድምፅዋ» አለችኝ።

ስኮርታ ብቻ ነው የጎደለኝ። ያለ ስኮርታ ዓባይን አልወርድም። 98፣ 58.6፣ ኢቲ 29 ያለው 13 ኢንች አንድ ቸርኬ ያላችሁ?

ዓባይ ወራጅ (ደጀን)

ቤቴ ጓሮ አንድ አለ፤ ከታክሲ ላዳ የወጣ ነው። ጥልቀቱን ለክቼ ነገ እነግርሃለሁ። ጠመኔውን ግን አንተ ይዘህ ና።